ሳላነብ የፈረምኩበት ምዕራፍ

ጎተራ ኮንዶሚኒየም ልጄ ዘንድ ከገባሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ አንድ ጥያቄ አላቸው። ደረጃው መሀል ላይ ትንፋሼን ስሰበስብ ያገኙኝና፣ «እማማ፣ ጡረታ የወጡት ከምን ሥራ ነው?» ይሉኛል። «መጽሐፍ ከማንበብ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ከኛ በላይ ያለችው የባንክ ሠራተኛ እንኳ፣ «ወይኔ እማማ! እንዲህ ያለ ሥራ ካለ እኔንም ያስቀጥሩኝ እንጂ። በቃ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ደመወዝ ይገባልኛል» አለችኝ። ጋደም ተብሎ የሚሠራ መስሏት ነው። እኔ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አንገቴ እስኪጎብጥ ነው ያነበብኩት።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ማንም እንዳይታዘበኝ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ቂርቆስ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያኔ ትልቋን ልጄን አዝዬ ነበር የምማረው፤ ሀሁ ስንል እሷም ከጀርባዬ አብራ ትጮኻለች፣ አስተማሪዋም «ሁለት ተማሪ በአንድ ወንበር» እያለች ትስቅብናለች። ፊደሉ ከገባኝ በኋላ ዓይኔ ማረፊያ አጣ። በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አነባለሁ፣ የመድኃኒት ወረቀት አነባለሁ፣ በስልክ እንጨት ላይ የተለጠፈ የዕድር ማስታወቂያ ካለ ታክሲ እያመለጠኝም ቆሜ እጨርሰዋለሁ።

ሥራ የገባሁት ግን ለማንበብ አይደለም፤ ወለል ለመወልወል ነው። መጽሐፍ ቤቱ ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ያ ሰፈር አሁን ፈርሷል። ባለፈው በታክሲ ሳልፍ ቦታውን ልለየው አልቻልኩም፤ ወያላው «ወራጅ አለ?» ሲል ከልማድ የተነሳ «አለ» ብዬ ልወርድ ነበር። ፊት ለፊቱ ክፍል መሸጫ ነው። ከኋላ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሰዎች ጽፈው የሚያመጡት ይመረመራል፤ ስለ ሃይማኖት ትምህርት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ጋብቻ። ባለቤቱ ጋሽ ተካልኝ የሚያትሙት ከዚያች ክፍል «ይታተም» የሚል ወረቀት ሲወጣ ብቻ ነው።

በዚያች ክፍል የሚቀመጡት መሪጌታ ይኄይስ ነበሩ። እኛ የኔታ ነው የምንላቸው። ቀጭን፣ ረዥም፣ በጋ ከክረምት ካፖርት የማያወልቁ ሰው ናቸው። አንድ ቀን እኔ ከጠረጴዛው ሥር እወለውላለሁ፣ እሳቸው የአንዱን ጽሑፍ ጮክ ብለው ያነባሉ። መሀል ላይ ሳላውቀው መወልወያዬን ይዤ ቀጥ ብያለሁ።

«ምነው ቆምሽ?» አሉኝ።

«ምንም የኔታ። ሰውየው የት እንደሄደ ጠፍቶኝ ነው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«የጻፈው ነዋ። ስለ ጾም ጀምሮ ነበር፤ አሁን ሰው እየተሳደበ ነው።»

ወረቀቱን መልሰው አዩት። እርሳስ አነሱና ዳር ላይ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ «እታገኝ፣ ወለሉ አይሸሽም፤ ነይና ስሚ» ሆነ። ሁለት ዓመት በጆሮዬ ሠራሁ። ቀስ በቀስ ወረቀቱን ወደ እኔ እየገፉ «እስቲ አንቺ አንብቢው» ማለት ጀመሩ። ጋሽ ተካልኝ አንድ ቀን መጥረጊያዬን ለሌላ ሰው ሰጥተው፣ የሥራ መደቤን «አንባቢ» ብለው ጻፉ። ደመወዜ ብዙ አልጨመረም፤ ስሙ ግን ደስ አለኝ።

ስለ የኔታ አሠራር ልንገራችሁ፤ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ጽሑፍ ሲመጣ መጀመሪያ የደራሲውን ስም በነጭ ወረቀት ሸፍነው በስፒል ይይዙታል። «ትልቅ ሰው ነው ብለን እንዳንፈራው፣ ትንሽ ነው ብለን እንዳንንቀው» ይላሉ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ቆመው ያነባሉ። ቀይ ቀለም አይነኩም፤ እርሳስ ብቻ። «ስህተት» ብለው ጽፈውም አያውቁም፤ «ይህን ከየት አመጡት?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥቅስ ሲያገኙ በቃላቸው ቢያውቁትም መጽሐፉን ገልጠው ያያሉ። «የማውቀውን ነው አብልጬ የምጠራጠረው፤ የማላውቀውንማ መቼም አየዋለሁ» ይሉኛል። ተገልጦ ያልታየ ጥቅስ ባለበት ገጽ ሁሉ ከመጥረጊያዬ አንዲት ስንጥር ሰብረው ይሰኩበታል። አንዳንዱ ጽሑፍ ጃርት ይመስላል። «የኔታ፣ መጥረጊያዬን ጨረሱት እኮ!» ስላቸው፣ «ደራሲውን ክፈል በይው» ይሉኛል። ስንጥሩ ሁሉ ተነቅሎ ሲያልቅ ነው የሳቸው ሥራ የሚያልቀው።

የኔ ድርሻ ግን ሌላ ነበር። እሳቸው ትምህርቱ ትክክል መሆኑን ያያሉ። እኔ ደግሞ መጽሐፉ እቤቷ ወስዳው ብቻዋን የምታነበውን ሰው ምን እንደሚያደርጋት አያለሁ። «አንቺ ለእናቶች አንብቢ» ነበር ትእዛዙ። መጨረሻ ላይ አንድ ቅጽ አለ፤ «ሙሉውን አንብቤዋለሁ» የሚል መስመር ሥር እፈርማለሁ።

አንዳንዴ ያስቃል። ስለ ጋብቻ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ፣ አማትን እንዴት በአንድ ሳምንት ማሸነፍ እንደሚቻል ይዘረዝራል። «የኔታ፣ ይሄ ሰውዬ ሚስት የለውም» አልኩ። ስሙ ሲገለጥ ገና ያላገባ ዲያቆን ሆኖ ተገኘ፤ ራሱም ሲነግሩት ስቆ ጽሑፉን ይዞ ሄደ። ኋላ አግብቶ መጣና፣ «እማማ፣ ያን ምዕራፍ ቀድጄዋለሁ» አለኝ።

አንዳንዴ ደግሞ አያስቅም። ስለ ጠበል የተጻፈ መጽሐፍ መጣ። የደም ግፊት ክኒኗን ጥላ የዳነች ሴት ታሪክ አለበት። ጋሽ ተካልኝ በጣም ወደውታል። «እትዬ፣ ይሄ መደርደሪያ ላይ አያድርም!» አሉኝ። እኔ ግን ክኒኗን የጣለች ጎረቤት ነበረችኝ፤ ቀብሯ ላይ ቆሜያለሁ። አልፈርምም አልኩ። ጋሽ ተካልኝ ተቆጡ፣ በሩን ወርውረው ወጡ። የኔታ ግን ደራሲውን አስጠርተው፣ «ጠበሉን ማን ከለከለህ? ክኒኑን ማን አስጣለህ?» አሉት። ሰውየው አስቦበት፣ መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ ተጠመቁ የሚል ጨመረበት። ያን ቀን እኔም ሰው ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይህን የምነግራችሁ ልመካ አይደለም። እንዲህ ያለች ጠንቃቃ ነኝ ብዬ ራሴን ስላመንኩ ነው ቀጥሎ የመጣው የመጣብኝ።

የኔታ ዓይናቸውን ሞራ ጋረዳቸው። ቤት መዋል ጀመሩ፤ ጽሑፍ እየወሰድኩ አነብላቸዋለሁ፣ ወይም እኔው ጨርሼ ፍሬ ነገሩን እነግራቸዋለሁ። በዚያን ጊዜ ነው ስለ ጥምቀት የተጻፈ አንድ ትልቅ ጽሑፍ የመጣው። የጻፉት መምህር ዘላለም የሚባሉ የተማሩ ሰው ናቸው። ጥቅሱ ሁሉ ቦታ ቦታው ላይ ነው፤ አንድም ስንጥር አልሰካሁበትም። እስከ ስምንተኛው ምዕራፍ ደስ እያለኝ አነበብኩ። ዘጠነኛውን ስገልጥ ርእሱ «ሳይጠመቁ ስላረፉ ሕፃናት» ይላል።

ዘጋሁት።

እኔ ሁለተኛ ልጅ ነበረችኝ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፤ የኔዋ በሰባ አንድ ቀኗ ሄደች። ነጭ ልብሷ ተሰፍቶ፣ የክርስትና እናቷ ተጠርታ፣ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት። ይህን በመጽሐፍ ቤቱ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለየኔታም ቢሆን። ዓመታት አልፈዋል፣ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ የልጅ ልጅም አይቻለሁ። ያን ርእስ ሳየው ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ነገ አነበዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ግን አሥረኛውን ጀመርኩ። እስከ አሥራ አራተኛው ጨረስኩ፤ ወደ ዘጠነኛው አልተመለስኩም። እንዲህ ያለ የተማረ ሰው ምን ሊሳሳት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቅጹ ላይ «ሙሉውን አንብቤዋለሁ፤ ለአንባቢ ግልጽ ነው» ብዬ ፈረምኩ። የኔታም በኔ አምነው ማኅተማቸውን አኖሩበት። መጽሐፉ ታተመ።

በዓመቱ ክረምት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ሴት ጃንጥላዋን እንኳ ሳታራግፍ ገባች። ቢሮ የምትውል ትመስላለች፤ የሥራ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ነው። ሻጩ ወጣ ብሎ በቦታው እኔ ነበርኩ፤ መጽሐፉን ባንኮው ላይ አስቀመጠች።

«ልትቀይሪ ነው ልጄ?»

«አይደለም እማማ። እዚህ ጋ ‹በአንባቢያን ተመርምሮ የታተመ› ይላል። ማለቴ፣ ሰው ቁጭ ብሎ አንብቦታል ማለት ነው አይደል?»

«አዎ። ይነበባል።»

«እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ።»

ገጹን ገልጣ ጣቷን አኖረችበት። መነጽሬን አደረግኩ። ዘጠነኛው ምዕራፍ ነው። እንዲህ ይላል፦ «የሕፃኑን ድካም እያዩ ካህን ሳይጠሩ ቀን የቆጠሩ ወላጆች፣ የመንግሥቱን በር በልጃቸው ላይ በእጃቸው ዘግተዋል።»

መነጽሬን አወለቅኩ።

«የኔ በስልሳ ስምንት ቀኗ ነው» አለች ሴትዮዋ። አላለቀሰችም፤ እንደ ቢሮ ነገር ነው የምታስረዳኝ። «ዓርብ ጠዋት ጡት ጠብታለች። ከሰዓት ትኩሳት ያዛት፣ ሆስፒታል ደረስን፣ በቃ። እኔ ቀን አልቆጠርኩም። ማለቴ ቆጥሬያለሁ፤ ግን ለድግሷ ነው የቆጠርኩት፣ ማንን ልጥራ እያልኩ። ሰው ለዚህ አይቆጥርም እንዴ? እህቴ ታጽናናኝ ብላ ነው ይህን መጽሐፍ የገዛችልኝ። ይቺን ካነበብኩ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። እሑድ እሑድ እዚያው ላንቻ፣ ሰፈራችን ካለው ደብር ቅጥር ውጭ ቆሜ እመለሳለሁ። በር የዘጋ ሰው በየት በኩል ይገባል? ማነው እማማ ያነበበው? አንድ ነገር ልጠይቀው ነው።»

ያኔ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሁለተኛው ጥፋቴ ከመጀመሪያው ይከፋል። «ሊቃውንት ናቸው ልጄ» አልኳት። «እኔ እዚህ ሻጭ ነኝ።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ፣ «ይሁን፤ እኔ ጋ ግን አይቀመጥም» ብላ መጽሐፉን ትታው ወደ ዝናቡ ወጣች። ሽፋኑን ስገልጠው «ለእህቴ ለሰናይት» ተብሎ ተጽፎበታል።

በማግስቱ የኔታ ቤት ሄድኩ። ወንበራቸው ላይ ወደ ብርሃኑ ዞረው ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ልጄም፣ ስለ ፊርማውም፣ ስለ ሻጭነቴም። እንዲቆጡኝ ፈለግኩ፤ አልተቆጡም።

«ማንበብ ረሳሽ ወይስ ማንበብ አቃተሽ?»

«አቃተኝ የኔታ።»

«ታዲያ ‹አቃተኝ› ብትይኝ እኔ አላነብልሽም ነበር? ዓይን ባይኖረኝ ሰው አስነብቤ አልሰማም ነበር?» አሉና ደግሞ፣ «ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። እዚያ ቅጽ ላይ ‹አቃተኝ› የምትይበት ቦታ አላበጀሁልሽም» አሉኝ።

«ሥራውን ልተው።»

«መተውሽ ለሴትዮዋ ምን ይጠቅማታል? ለኔ መንገርሽስ ምን ይጠቅማታል? ሂጂ፣ ለሷ ንገሪያት።»

እኔ ስልኳን አላውቅ፣ ቤቷን አላውቅ። የማውቀው እሑድ እሑድ የት እንደምትቆም ብቻ ነው። ከቂርቆስ ላንቻ በእግሬ ወርጄ ከዚያ ደብር ቅጥር ውጭ ቆምኩ። ከቅጥር ውጭ ቆማችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ውስጥ ያለ ሰው ወደ መቅደሱ ነው የሚያየው፤ ውጭ ያለው ግን ግንቡን ነው የሚያየው፣ ማንም ማንንም አያይም። ለምን እንደቆመ ማንም አይጠየቅም። የመጀመሪያው እሑድ አጣኋት። በሁለተኛውም አጣኋት፤ ጉልበቴም አስቸገረኝ። ሦስተኛው እሑድ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ስባ፣ ግንቡን ተደግፋ አየኋት።

ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። አባታችን ሆይ ተብሎ ሲያበቃ፣ «ሰናይት» አልኳት።

ደነገጠች። «እማማ? የመጽሐፍ ቤቷ?»

«ውሸት ነግሬሻለሁ ልጄ። አንባቢዋ እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያን ምዕራፍ ግን አላነበብኩትም።»

«አላነበብኩትም ማለት?»

«ርእሱን አይቼ ዘለልኩት። አንቺ እስክታስነብቢኝ ድረስ አላየሁትም።»

ፊቷ ተለወጠ። ሰው ዞር ብሎ እስኪያየን ድረስ፣ «ታዲያ ለምን ፈረሙ?! እኔ እኮ ሊቃውንት ተሰብስበው የፈረዱብኝ ነው የመሰለኝ! ስንት ወር ሙሉ! ማንም ሳያነበው ነው?» ብላ ጮኸች።

«ማንም ለእናት ብሎ አላነበበውም።»

«ለምን?!»

«የኔም በሰባ አንድ ቀኗ ነው የሄደችው።»

ወደ ግንቡ ዞረች። ከውስጥ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል። እኔ ቀና ብዬ አላየኋትም፤ እሷም ወደ ግንቡ እንደዞረች ናት። ከዚያ፣ ቁጣዋ ሳይበርድ፣ ድምፅዋ ግን ዝቅ ብሎ፣ «ልብሷን ምን አደረጉት?» አለችኝ። የክርስትና ልብሷን ማለቷ ነው። ይህን ጥያቄ ያልደረሰበት ሰው አይጠይቀውም።

«ለአንዲት ጎረቤቴ ልጅ ሰጠሁት። ስትጠመቅ ግን አልሄድኩም።»

«የኔው ቁምሳጥን ውስጥ ነው። እህቴ አውጪው ትለኛለች።»

«የሚቸኩል ነገር የለም፤ ይቀመጥ።»

ያን ቀን ይቅር አለችኝ ብላችሁ እንዳታስቡ። «እኔ አሁን ምን ላድርግ?» ነው ያለችኝ። እኔም፣ «የጻፈው ሰው ፊት ትነግሪዋለሽ። እኔም አብሬሽ እሆናለሁ» አልኳት።

መምህር ዘላለም በመጀመሪያ አልመጣም ብለው ነበር። ጋሽ ተካልኝ ሲደውሉላቸው፣ «በምን ዕውቀቷ ነው የኔን ጽሑፍ የምትተቸው?» ብለዋል አሉ። እኔን ማለታቸው ነው፤ እውነታቸውንም ነው። የኔታ ሲጠሯቸው ግን እምቢ ማለት አልቻሉም፤ ተማሪያቸው ነበሩ። የኔታ ቤት አራት ሆነን ተቀመጥን። የኔታ፣ «ዘላለም፣ እኔ ዓይን የለኝም። ዘጠነኛውን አንተው አንብብልን» አሉ።

አነበቡ። ድምፃቸው የሚያምር ሰው ናቸው። እዚያች አረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ ሰናይትን ቀና ብለው አዩ፤ ማን እንደሆነች ነግረናቸዋል። ድምፃቸው ቀነሰ፣ ግን ጨረሱት።

«ይህ ማሳሰቢያ ነው» አሉ መጽሐፉን እያስቀመጡ። «ሕፃን ሲታመም ቀኑ ሳይጠበቅ ይጠመቃል። ይህን ሥርዓት ብዙ ሰው አያውቀውም። ካህናቱም ነግረው አያስታውሱም። እንዲደነግጡ ብዬ ነው።»

ሰናይት፣ «እሺ፤ ለካህናቱ ይጻፉት ታዲያ» አለች። «ወይ ደግሞ ልጁ ገና በሕይወት ላለው ሰው ይጻፉት። እኔን ለምን ጠሩኝ? እኔ ምን አድርጌ ላስተካክለው እችላለሁ? ‹ዘግተዋል› ነው የሚለው እኮ። አልቋል ማለት ነው።»

መምህሩ ወደ የኔታ ዞሩ። የኔታም አላገዟቸውም። እኔ ልቤ ለሁለቱም አዘነ። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ሕፃናት ሳይጠመቁ እንዳይሞቱ ነው የተቆጡት፤ ቁጣው ግን የደረሰው ልጇ ከሞተባት ሴት ላይ ነው። ይህን አይቶ መናገር የኔ ሥራ ነበር።

«እኔ ቀድሜ ባነበው ኖሮ ያኔውኑ እነግርዎት ነበር» አልኳቸው። «አልነገርኩዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እንዲህ ስላቸው ትከሻቸው ረገብ አለ። የኔታን እርሳስ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው፣ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉ። የሚጠይቁት የኔታን አልነበረም፤ ሰናይትን ነበር።

«ሥርዓቱን ንገሩን። ማለቴ፣ በማንኛውም ቀን ካህን ጥሩ በሉን። እኔ ብሰማው ኖሮ እጠራ ነበር። ያለፈባትን ደግሞ... እሷን አትውቀሷት። በቃ።»

እዚያው ጻፉት። ስለ ሥርዓቱ አንድ ገጽ፣ በግልጽ ቋንቋ፤ ከሥሩም ልጃቸውን ላጡ ወላጆች ሦስት መስመር። ያለፈባቸውን ማንም እንዳይወቅሳቸው፣ ልጃቸውንም ለእግዚአብሔር ምሕረት እንዲሰጡ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሰናይት አንድ ቃል አስወጣች፤ «ቸልተኝነት» የሚለውን።

ሳይሸጡ የቀሩት መጻሕፍት ብዙ ነበሩ። ጋሽ ተካልኝ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ኋላ ግን አዲሱን ገጽ ለብቻው አሳተሙት። አሮጌውን ገጽ በምላጭ እየቆረጥን፣ አዲሱን በኮላ እየለጠፍን፣ ከሰዓት ከሰዓት ሠራነው። ሰናይት ከቢሮዋ እየወጣች ትመጣለች። እጃችን በኮላ ሲጣበቅ ትስቃለች። «እማማ፣ ኧረ ይሄንን ገልብጠው ለጠፉት! አሁንም ሳያነቡ ነው?» ትለኛለች። ቀልዱ ይወጋኛል፣ ግን ደስ ይለኛል። የተሸጡትን መመለስ አልቻልንም። በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈን የመጣልንን ቀየርን፤ ያልመጣው ማን ቤት እንዳለ አላውቅም። እስከ ዛሬ የሚከብደኝ እሱ ነው።

ሰናይት ወዲያው ቤተ ክርስቲያን አልገባችም። ብዙ እሑድ ከቅጥሩ ውጭ አብሬያት ቆምኩ። «እርስዎ ይግቡ እንጂ» ትለኛለች፤ «ዛሬ እዚሁ ይሻለኛል» እላታለሁ። አንድ እሑድ አርፍጄ ደረስኩ። ግንቡ ጋ የለችም። ደንግጬ ስዞር፣ በበሩ በኩል ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሴቶቹ መሀል ቆማ አየኋት። አልጠራኋትም።

የኔታ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ከማረፋቸው በፊት ግን አንድ ነገር አደረጉ። «ሙሉውን አንብቤዋለሁ» ከሚለው በላይ «ማንበብ ያቃተኝ ገጽ» የሚል አንድ መስመር ቅጹ ላይ አስጨመሩ። አንባቢ የሚሞላው ነው። ካለ ገጹን ይጽፋል፤ ምክንያት አይጠየቅም፣ ሌላ ሰው ያነብለታል። ጋሽ ተካልኝ፣ «የኔታ፣ የተማረ ሰው ይህን አይሞላም» ብለዋቸው ነበር። አንድ ሁለት ዓመት እውነትም፣ ከየኔታ በኋላ ከመጡት መርማሪዎች አንድም የሞላ አልነበረም፤ እኔ ብቻ ነበርኩ።

መጽሐፍ ቤቱ ሊፈርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ቢሮው ወደ ደምበል አካባቢ ሊዛወር፣ እኔም በኮምፒውተር ማንበቡ ለዓይኔ አልሆን ብሎኝ ልሰናበት ስዘጋጅ፣ መምህር ዘላለም መጡ። ከዚያ ነገር በኋላ እሳቸውም የሌሎችን ጽሑፍ ይመረምሩልን ነበር። ስለ ወላጆችና ልጆች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ነበር የሰጠናቸው። ብዙ ጊዜ በሰው ነው የሚልኩት፤ ያን ቀን ራሳቸው ይዘውት መጡና ቅጹን በእጄ ሰጡኝ። በዚያች መስመር ላይ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው፣ አንድ ምዕራፍ ተጽፏል። «እማማ እታገኝ ያንብቡልኝ» ይላል።

ገለጥ አድርጌ አየሁት። ከአባቱ ጋር ሳይታረቅ አባቱ ስለሞተበት ልጅ ነው።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። ምንም አልጠየቅኳቸውም። ወንበር ሳብኩላቸው።

«ብቻዬን ላንብበው ወይስ ይሰሙኛል?»

«ልስማ» አሉ፤ ተቀመጡም።

መነጽሬን አደረግኩና ከርእሱ ጀምሬ፣ አንድም መስመር ሳልዘል፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።